የስድስተኛው ስንኝ ክፍተት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት አምስት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች አራቱ ወረቀት ይጽፋሉ፤ እታገኝ ግን ወረቀት ታርማለች። ሌሎቹ ዘንድ ተማሪው የእጅ ጽሑፉን ጥሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ሲመለስ የታተመ ይጠብቀዋል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ደራሲው ራሱ በደንብ አያውቅም። እታገኝ ዘንድ ግን አጠገቧ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ በጥያቄ ይጠበሳል። «ይህን ጥቅስ ከየት አመጣኸው? ገጹስ? መጽሐፉ መቼ ነው የታተመው? እኚህ ዋቢ ውስጥ ያሉት ሰውዬ ጽሑፉ ውስጥ የሉም፤ ሊጎበኙ ነው የመጡት?» እያለች ታፋጥጠዋለች። ተማሪው ላቡ ጠብ እስኪል መልሶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሮጣል።

እሷ ራሷ ከአስረኛ ክፍል አላለፈችም። አባቷ ከወልቂጤ ጨርቅ ይዘው መጥተው እዚህ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞቱ ትምህርቱም አብሮ ቆመ። ነገር ግን አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጥናት ስትጽፍ የህዳጉ ስፋት፣ የግርጌ ማስታወሻው አጣጣል፣ የዋቢው አደራደር ደሟ ውስጥ ገብቷል። «እታገኝ ያላየችው ወረቀት ተመልሶ ይመጣል» ይባላል በግቢው። ይህን ወሬ እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች እንጂ ትወደዋለች። ማን ይጠላል?

ሰኔ ሲገባ የግጥም ወረቀት ወቅት ነው። የሥነ ጽሑፉ መምህር ባምላኩ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹ በየዓመቱ አንድ ሥራ ይሰጣል፦ አንድ ግጥም ምረጡ፤ ስለ እሱ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ አጭር ጥናት ጻፉ። የፊደሉ መጠን አስራ ሁለት፣ የመስመሩ ርቀት አንድ ተኩል፣ ህዳጉ በአራቱም በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ግጥሙ ሙሉውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ምንጩ ላይ እንደታተመው፣ አንዲት ነገር ሳትለወጥ ይቀመጣል። «በአምስት ገጽ ያልተነገረ ነገር በሃያም አይነገር» ይላል ባምላኩ፤ በዚህ እታገኝ ትስማማለች። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ «ገጣሚው በዚህ ግጥማቸው ብዙ ቁም ነገሮችን አስተላልፈዋል» ብለው ይጀምራሉ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከመጻፏ ብዛት ጣቶቿ ሳያስፈቅዷት ብቻቸውን ይጽፏታል።

ተማሪዋ ሆሳዕና የመጣችው በአንድ ዝናባማ ሰኞ ነው፤ ወረቀቶቿን ከሹራቧ ሥር ደብቃ። የሸዋ ቤንች ልጅ ናት። በቤቷ የሚነገረው ቤንችኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ በመሆኑ እያንዳንዷን ቃል ከመናገሯ በፊት የምትመዝን ትመስላለች። ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ገጠመች።

«ርዕሱ ምንድን ነው?» አለች እታገኝ።

«ባዶ ቦታ እንደ ቃል» አለች ሆሳዕና። «በአለሙ በዛብህ ‹ከረድፉ ወዲያ› ግጥም ውስጥ የዝምታ ሚና።»

ስሙ እታገኝን አንድ ነገር ነካ አደረጋት፤ ሆኖም ብዙ አለሙ አለ ብላ አለፈችው። መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያውን አንቀጽ ጨርሳ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ከልማዷ ውጭ የሆነ ነገር አደረገች፦ ጣቶቿን አቆመችና ወረቀቱን ማንበብ ያዘች። ይህቺ ልጅ «ብዙ ቁም ነገሮች» አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ይዛለች፤ ያንን አንድ ነገር እንደ ዶማ እየደጋገመች ወደ ታች ትቆፍርበታለች። ከቃሉ ወደ ስንኙ፣ ከስንኙ ወደ ሰውየው ትወርዳለች። በሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቅርጫቱ አንድ ጥግ ቆሟል፤ መሙላቱ ሌላ ጥግ ቆሟል። በመካከላቸው ሰው የሚያህል ቦታ አለ። ገጣሚው ያንን ቦታ በቃል አልሞላውም፤ ምክንያቱም የቦታዋ ባለቤት የለችም።»

እታገኝ ደረቷ ውስጥ ሙቀት ተሰማት። በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ገጽ በእጇ አልፏል፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ለማለት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። የተቀዳ ነገር ይሸታታል፤ ይህ ትኩስ ነው።

ከዚያ ግጥሙን ለመጻፍ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። ስድስት ስንኞች ናቸው። ከግራ አስተካክላ ጻፈቻቸው፦

ቀይ ቀዩን ለቀምኩኝ አረንጓዴው ይቆይ፣
ዝናብ ሳይጠግብማ ቡና ይቀላል ወይ፤
ከረድፉ ወዲያ ቅጠል ሲንቀሳቀስ፣
አንቺ ነሽ እያልኩኝ ዓይኔ ሲመላለስ፣
ጀምበር አዘቅዝቃ ሚዛኑ ሊዘጋ፣
ቅርጫቴ ሞላልሽ

«እትዬ፣» አለች ሆሳዕና ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ጎንበስ ብላ፣ «ክፍተቱ የት ሄደ?»

«የምን ክፍተት?»

ልጅቷ ከደብተሯ መሐል ፎቶ ኮፒ የተደረገ ገጽ አወጣች። በገጹ ላይ የመጨረሻው ስንኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ቅርጫቴ» በስተግራ ጫፍ፣ «ሞላልሽ» በስተቀኝ ጫፍ። በመካከላቸው ወንዝ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ተንጣሏል።

እታገኝ ገጹን አየችው። ፊደሉን አወቀችው። የገጽ ቁጥሩ በሁለት ሰረዝ መካከል መቀመጡን አወቀችው፤ ያኔ እንዲህ ማድረግ ትወድ ነበር። በስተመጨረሻም አለሙ በዛብህ ማን እንደሆኑ ትዝ አላት። ሱቁን በከፈተች በመጀመሪያው ዓመት ከቴፒ አንድ ደብተር ይዘው የመጡ፣ ከባርኔጣቸው ዝናብ የሚንጠባጠብ ሽማግሌ የቡና እርሻ መዛኝ ናቸው። ሰላሳ ቅጂ አሳትመው ሄዱ። አንዱ ቅጂ እንዴት እንደሆነ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ኖሯል።

ያኔ እሷ ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ገና መሻገሯ ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ከሁሉ አስበልጣ የወደደችው የግራውንም የቀኙንም ጠርዝ እንደ ግድግዳ ቀጥ የሚያደርገውን ጀስቲፋይ የሚባለውን ትእዛዝ ነው። መጽሐፉን ሁሉ በእሱ አስተካከለችው። ትእዛዙ ስንኙን ጎትቶ ከህዳግ እስከ ህዳግ ይዘረጋል። አራት አምስት ቃል ያለው ስንኝ ብዙም አይታወቅበትም፤ ሁለት ቃል ያለው ግን ለሁለት ይበጠሳል። ገጣሚው ያስቀመጠው ክፍተት አልነበረም። የእታገኝ አለማወቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

«እትዬ?» አለች ሆሳዕና። «መምህር ምንጩ ላይ እንዳለ ይሁን ብሏል። ጥናቴ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።»

እታገኝ ለመናገር አፏን ከፈተች። ልጅቷ ዓይኖቿን አፍጥጣ ትጠብቃለች፤ ወረቀቱ ነገ ጠዋት ይገባል። «እሺ» አለች፤ ክፍት ቦታ የሚጨምረውን ቁልፍ ደጋግማ ተጭና «ሞላልሽ» የሚለውን ቃል ወደ ቀኝ ገፋችው። ስህተቷን በገዛ እጇ ሁለተኛ ጊዜ ሠራችው።

አምስት ገጽ ለአንድ መምህር ነው፤ አርሞ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ማንም አይጎዳም፤ ብላ ራሷን አጽናናች። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ግን በሳምንቱ መምህር ባምላኩ ራሱ ሱቋ መጣ። በዩኒቨርሲቲው የቴፒ ግቢ ቅዳሜ ለሚደረገው የጥናት ጉባኤ የመርሐ ግብር ወረቀት ማሳተም ፈልጎ ነው። ከትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ተመርጦ ይቀርባል፤ ከተጋበዙት ምሁራን ጥያቄ ከተረፈ ደግሞ በመጽሔቱ ይታተማል። የተመረጠው የሆሳዕና ነው።

«እታገኝ፣ አንብበሽዋል አይደል?» አለ ባምላኩ ወንበሩን ስቦ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል። «ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ። እኔ ያንን ገጽ ስንት ጊዜ ገልጬዋለሁ! ክፍተቱን አይቼ አላየሁትም። ያቺ ዝምተኛ ልጅ አየችው።»

እታገኝ መርሐ ግብሩን ጽፋ ሰጠችው። የሰው ዋቢ ስታርም፣ የሰው ጥቅስ ስታጣራ ኖራ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሷ ሆነች። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ነገር ግን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አንድ የነቃ ሰው ተነስቶ «ይህኮ ጀስቲፋይ ነው» ቢል ሆሳዕና በሰው ፊት ትዋረዳለች። ማንም ባይልም ደግሞ ልጅቷ የሐሰት ወረቀት በስሟ አሳትማ ዕድሜዋን ሙሉ ትኖራለች። የመጀመሪያው አስፈራት፤ ሁለተኛው ግን አሳመማት።

ረቡዕ ዕለት አስጠራቻት። ሆሳዕና እየሳቀች ገባች፤ ለእናቷ ደውላ ነግራት ኖሯል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለጸሎት ስሟ ተጠርቷል። እታገኝ ምንም ሳታስጌጥ ነገረቻት። ኮምፒውተሩን አዙራ፣ ሁለቱን ቃል ጽፋ፣ ትእዛዙን ተጭና አሳየቻት። «ቅርጫቴ» እና «ሞላልሽ» በልጅቷ ዓይን ፊት ተራራቁ። መልሳ ስትጫን ተጠጋጉ።

ሆሳዕና እጇን ዘርግታ ትእዛዙን ራሷ ተጫነች፤ ቃላቱ ዳግመኛ ተራራቁ።

«የዛን ዕለት ያውቁ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ጠየቅኩዎትኮ። ክፍተቱ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኩዎት።»

«ጠየቅሽኝ፤ ፈራሁ። ወረቀትሽን ስለወደድኩት ፈራሁ። ይህ ምክንያት እንደማይሆን አውቃለሁ።»

ልጅቷ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። ውጭ ባጃጆች ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «ለመምህር እደውልና ሰርዙኝ እላለሁ» አለች።

እታገኝ ደነገጠች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ቢሆንም ያነበበችው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብላ መቀበል አቃታት። ክፍተቱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ የሰማችው ነገር ግን ሐሰት አይመስልም ነበር። «ሆሳዬ፣ ከመደወልሽ በፊት አንድ ቀን ስጪኝ» አለች። «ሰውየው በሕይወት ካሉ ደብተሩ እሳቸው ጋ ነው። አብረን እንሂድ፤ ይቅርታም እጠይቃቸዋለሁ። ከዚያ ትሰርዢው እንደሆነ ትሰርዢዋለሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ዘጋችና በሚኒባስ ወደ ቴፒ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ሆሳዕና በመስኮቱ የሚያልፈውን የቡና ጥላ ታያለች፤ እታገኝ የልጅቷን ማጅራት ታያለች። ቴፒ ሲደርሱ «የድሮው የእርሻው መዛኝ አለሙ» ብለው ሲጠይቁ ከገበያው ጀርባ ያለ ቤት አሳዩአቸው።

ጋሽ አለሙ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አናናስ ቆርጠው በሳህን አቀረቡላቸው። እታገኝ አናናሱን ሳትነካ የመጣችበትን ተናገረች፤ ፎቶ ኮፒውን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሳቁ።

«ይሄማ ያኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «ኮምፒውተሩ ያወቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከኮምፒውተር ጋር ይከራከሩታል እንዴ?»

«ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከእኔ ጋር ነበር መከራከር የነበረብዎ» አለች እታገኝ፤ ሳቃቸው አላሳቃትም።

ደብተሩን ከሳጥን አወጡላቸው። ሆሳዕና ገጹን ራሷ ገለጠችው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ ስድስቱ ስንኞች አሉ። «ቅርጫቴ ሞላልሽ» ተጠጋግቶ ተጽፏል። ክፍተት የለም። ልጅቷ ደብተሩን በዝግታ አስቀመጠችው፤ ተስፋዋን አብራ ያስቀመጠችው ይመስል ነበር።

እታገኝ ግን ዓይኗን ከገጹ ላይ ማንሳት አልቻለችም። የሚያስቸግራት ነገር አለ። ገጽ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ከመነበቡ በፊት ቅርጹ ይታያታል። አምስቱ ስንኞች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ስድስተኛው መሐል ላይ ይቆማል። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፦ በየስንኙ አስራ ሁለት ቀለም፣ ስድስት እዚህ፣ ስድስት እዚያ። የመጨረሻው ስድስት ብቻ ነው። ቤትም አይመታም፤ «ሊዘጋ» ለሚለው የሚመልስለት የለም። ደብተሩን ወደ ሽማግሌው አዞረችው።

«ጋሼ፣ ይህ ስንኝ ግማሽ ነው። ሌላኛው ሐረግ የት ሄደ? እሱንም እኔ ዘለልኩት?»

«አልዘለልሽም» አሉ። ሳቃቸው አሁን የለም። «እኔም ጋ ያለው ይኸው ነው።»

ከዚያ ነገሩዋቸው። መዛኝ ከመሆናቸው በፊት እሳቸውና ባለቤታቸው ማናልሞሽ ቡና ለቃሚ ነበሩ፤ በአንድ ረድፍ ግራና ቀኝ፣ ዛፎቹን በመካከላቸው አድርገው ይለቅሙ ነበር። ቀኑ እንዲያጥርላቸው አንድ ጨዋታ ነበራቸው። እሳቸው የግጥም ግማሽ ወደ ማዶ ይወረውራሉ፤ እሷ እጇ ላይ ያለው ፍሬ ቅርጫት ሳይገባ ቀሪውን ግማሽ ቤት አስመትታ መመለስ አለባት። ካልመለሰች አንድ እፍኝ ቀይ ቡና በቅርንጫፉ መሐል ታቀብላቸዋለች። ከመለሰች እሳቸው ያቀብሏታል።

«እንዴት ነበር?» አለች እታገኝ። «ማን ያሸንፍ ነበር?»

«እሷ ናታ! አንደበቷ ሌላ ነበር። እኔ አንዱን ግማሽ ሩብ ሰዓት አምጬ እወረውራለሁ፤ እሷ ሳትተነፍስ ትመልሰዋለች። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ያቆምና ይስቅብኛል።»

ሆሳዕና ቀና አለች። ወደ ደብተሩ አየች፤ ወደ ሽማግሌው አየች። ቃሏን እንደ ልማዷ መዝና በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረች።

«እንግዲያ ድሮ ቅርጫትዎ አይሞላም ነበር።»

ጋሽ አለሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አዩዋት።

«አንድም ቀን» አሉ። «አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። ከሞተች በኋላ ነው የሞላው።»

እታገኝ አጥንቷ ድረስ ተሰማት። ይህቺ ልጅ በቅርጫቱና በመሙላቱ መካከል ሰው ጎድሏል ብላ ጽፋለች፤ ያለችውም እውነት ነው። ጣቷን የቀሰረችው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር፤ ጆሮዋ ግን አልተሳሳተም። ዝምታው ከሁለቱ ቃላት መሐል ሳይሆን ከሁለቱ ቃላት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው አጠገብ መቀመጥ ራሱ ዕድል ነው አለች በሆዷ። ቀጥላም ይህንኑ ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ሆሳዕና አፍራ አናናሱን መብላት ጀመረች።

ሲመለሱ ልጅቷ በሚኒባሱ ውስጥ ደብተር ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። መንገዱ ሲያነጥራቸው ፊደሉ ይበላሻል፤ እታገኝ እስክሪብቶው ሲወድቅ ታነሳለች። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ለሌላ ሰው ዝግ ሆነ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ አለቀ፤ አምስት ገጽ ከአራት መስመር ሆነ።

አራት መስመር ለማትረፍ ተማሪ የማያደርገው ነገር የለም። ህዳግ ይሸርፋል፤ ፊደል ያሳንሳል፤ የመስመር ርቀት በድብቅ ይቀንሳል። ሆሳዕናም በፍርሃት «ህዳጉን ትንሽ ብናጠበው?» አለች።

«አይሆንም» አለች እታገኝ። «ገጹ ላይ አንዴ ዋሽቻለሁ፤ ይበቃኛል። ከራስሽ ቀንሺ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ «ቅርጫቱ አንድ ጥግ ቆሟል» ብሎ የሚጀምረውን፣ መምህሯን ያስደነቀውን፣ እታገኝን ያስቆመውን አንቀጽ ሙሉውን ሰረዘችው። «ቆንጆ ነው፤ ግን እውነት አይደለም» አለች። እታገኝ ያንን አንቀጽ ራሷ ብትሆን ኖሮ አትሰርዘውም ነበር። ይህንን አስባ ልጅቷን ይበልጥ አከበረቻት።

የግርጌ ማስታወሻ ላይ ሆሳዕና «በታተመው ቅጂ የሚታየው ክፍተት የኅትመት ስህተት ነው» ብላ ነበር። እታገኝ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ራሷ ጨመረችበት፦ «ስህተቱ የጽሕፈት ሠራተኛዋ የእታገኝ ኸይሩ ነው።» ሆሳዕና «እትዬ፣ ይህ አያስፈልግም» ብላ እጇን ልትይዝ ሞከረች። «ምንጭ ይጠቀሳል» አለች እታገኝ። አስራ ሁለት ዓመት የሰው ስም በየገጹ ስትደረድር ኖራ፣ የራሷ ስም ጥናት ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባምላኩ አዲሱን ጽሑፍ ዓርብ ማምሻውን በቴሌግራም ተቀብሎ አነበበ። «የፊተኛውን ወድጄው ነበር» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ይህን ግን አከብረዋለሁ፤ ሆኖም የተመረጠው የፊተኛው ስለሆነ ጉባኤው ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም» አለ።

ቅዳሜ የቴፒው ግቢ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እታገኝ ጋሽ አለሙን ከቤታቸው አምጥታ ከኋላ ወንበር አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። የሆሳዕና ተራ ሲደርስ ልጅቷ ወደ መድረኩ ወጣች። ግጥሙን አነበበች። «ቅርጫቴ ሞላልሽ» ስትል ድምፅዋን አላወረደችም፤ ቀሪው እንደሚመጣ ሰው እንዲጠብቅ አድርጋ እዚያው አየር ላይ ተወችው። አዳራሹ ጠበቀ። ከዚያ ስለ ሐሰተኛው ክፍተት፣ ስለ ጨዋታው፣ ስለ እፍኙ፣ ስለ ሞላው ቅርጫት አንድ በአንድ አስረዳች፤ የእታገኝንም ስም ሳትፈራ ጠራች። ጥቂት ራሶች ወደ ኋላ ዞሩ። እታገኝ ቀና ብላ ተቀመጠች።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ከፊት ረድፍ አንድ ከሩቅ የተጋበዙ ምሁር እጃቸውን አወጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ነገር ግን ገጣሚው በሕይወት አሉ፤ አግኝተሻቸዋልም። ግጥሙ ግማሽ ስንኝ ጎድሎታል ካልሽ፣ ቀሪውን ጠይቀሽ ብታሟዪው ጥናቱ ሙሉ ይሆን ነበር። ያልተሟላ ምንጭ ይዞ ወደ ኅትመት መሄድ ያስቸግራል። ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

ሆሳዕና ወረቀቷን አጠፈች። እታገኝ ከኋላ ሆና ቃል እንድታገኝ ተጨነቀችላት።

«አልደፈርኩም» አለች ሆሳዕና።

ምሁሩ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር መጻፍ ጀመሩ። ባምላኩ መሬት መሬት አየ። እታገኝ አለቀ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን አጠገቧ ያለው ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ አለሙ የፊታቸውን ወንበር ተደግፈው ተነስተዋል።

«ጌታዬ፣ የግጥሙ ባለቤት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ከረድፍ ማዶ ሲጣሩ የኖሩበት ነውና ያለ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። «ልጅቷን አይውቀሷት። ጠይቃኝም ቢሆን የምነግራት የለኝም። የምጀምረው እኔ፣ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። በምን እንደምትጨርሰው አንድም ቀን አስቀድሜ አውቄ አላውቅም። ባውቀውማ እጽፈው ነበር።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ምሁሩ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰብሳቢው ሌላ ጥያቄ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ፤ አንድም እጅ አልወጣም።